የሥጋ ቤቱ ውሾች ጾም ያውቃሉ? የሁለት ወር የምልከታ ማስታወሻ

ሰኞ ጥቅምት 10፣ 2018

ዛሬ ጀመርኩ። ነገሩ የተነሳው ከቡና ነው። ግቢያችን በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ ተቀምጠን ሳለ አንዷ ጎረቤቴ፣ "እነዚህ ውሾች እኮ ከኛ ይሻላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቱ ደጅ ድርሽ አይሉም" አለች። ሁሉም አዎ አለ። ጥበቃው ጋሼም "በዓይኔ ያየሁት ነው" ብለው አጸኑት።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ጠይቆኝ ነበር። "ልምድ ነው" ብዬ አለፍኩት። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ "ልምድ ነው" መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን አይተው፣ ምን ሰምተው፣ ምን አሽትተው ነው የለመዱት? ያ መልሴ ሲከነክነኝ ከርሟል።

የማስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋቴ የራሴ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳዬ ሥጋ ቤቱ፣ የቡናዋ ሸራና የግቢው በር ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዕቃዬ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልኬ ማንቂያ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ 1፡30።

ውሾቹ አምስት ናቸው። ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል፤ "እብዷ"፣ "ሌባው" እያለ። እነዚህን ስሞች ደብተሬ ላይ ካሰፈርኩ፣ ሳላየው በፊት ሌባ ማየቴ አይቀርም። ስለዚህ በመልካቸው ጠራኋቸው፦ ቦቃ (ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሰፈሩ "እብዷ" የሚላት)፣ ዳማ፣ ቡላ፣ ጥቁሩና ጭራ ቆራጣው።

ማክሰኞ ጥቅምት 11

የትናንቱን ገጽ ማታ አነበብኩት። "ቦቃ ተናደደች።" "ዳማ ቀና።" "ጥቁሩ አለቃቸው ነው።" አንዱንም አላየሁም። ንዴት ከሦስተኛ ፎቅ አይታይም። የሚታየው ጆሮ፣ ጭራ፣ የጀርባ ጸጉር፣ የእግር አቋቋም ነው። ገጹን ቀድጄ ጣልኩት።

በምትኩ አጭር የቃላት ዝርዝር አወጣሁ። ተኝቷል (ራሱ መሬት ነክቷል)። ተኝቶ ያያል (ራሱ ቀና ብሏል)። ቆሟል። ይሄዳል። ይበላል። ይጮኻል። ከነዚህ ጋር የጆሮና የጭራ ምልክት አለ፤ ጆሮ ቀስሯል ወይ ጥሏል፣ ጭራው ከጀርባው በላይ ነው ወይ በታች ወይ እግሮቹ መሃል። የእንስሳት ባህርይ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ዓይነት ዝርዝር ኢቶግራም ይሉታል። ደንቡ አንድ ነው፤ ሌላ ሰው ዝርዝሩን ይዞ አጠገቤ ቢቀመጥ እኔ የጻፍኩትን መጻፍ መቻል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ መቼ መጻፍ እንዳለብኝ ነው። ትናንት የጻፍኩት ዓይኔን የሳበውን ብቻ ነበር። ዳማና ቡላ ለአጥንት ሲናከሱ አንድ ገጽ ሞላሁ። ጭራ ቆራጣው አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቶ አንድ መስመር አላገኘም። ጂን አልትማን የተባለችው አሜሪካዊት፣ ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ ላይ ዝንጀሮዎችን ለብዙ አሥርት ዓመታት የተከታተለችው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ያነሳችው ይህንኑ ችግር ነው። የታየውን ሁሉ እንደመጣ የሚጽፍ ሰው ጎላ ያለውን ይሰበስባል፤ ዝም ያለው ያመልጠዋል። መፍትሔው ሰዓቱን አስቀድሞ መወሰን ነው። እኔም ማንቂያዬን በየአምስት ደቂቃው እንዲጮህ አደረግሁት። ሲጮህ አምስቱንም ከግራ ወደ ቀኝ አይቼ፣ በዚያች ቅጽበት የሚያደርጉትን እጽፋለሁ። ሌላውን ጊዜ አንዱን ብቻ በተራ እከተላለሁ።

ረቡዕ ጥቅምት 12

የመጀመሪያው የጾም ቀን። 12፡10 ላይ ሦስቱ መጡ!

ሰፈሩ አይመጡም ያለው። መጡ፤ በሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የድንጋይ ግንብ ሥር ተኙ። 12፡32 ላይ ጥቁሩ ተነሳ፣ ገላውን አራገፈ፣ ሄደ። ሌሎቹ ተከተሉት። የቡናዋ ልጅ ሸራዋን የምትወጥረው 1፡00 ላይ ነው። ጎረቤቶቼም ከዚያ በኋላ ነው የሚወጡት። ያዩት እውነት ነው፤ እነሱ ሲወጡ ውሻ የለም።

ዓርብ ጥቅምት 14

አራቱ መጡ። 12፡35 ላይ ሄዱ። ሐሙስ ግን አምስቱም እስከ 1፡15 ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄዬ ተቀየረ። "ለምን አይመጡም?" የሚለው ቀረ። አሁን የምጠይቀው "ከመጡ በኋላ እንዳይቆዩ ምን ይነግራቸዋል?" ነው።

ዓርብ ጥቅምት 21

ሁለት ሳምንት ሞላኝ። አራት የጾም ቀን አየሁ፤ ውሾቹ የሄዱት 12፡32፣ 12፡35፣ 12፡29 እና 12፡36 ላይ ነው። በሌሎቹ ቀናት ከ1፡00 በፊት የሄደ የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቄራውን መኪና ነበር። ሥጋው የሚመጣው 12፡50 አካባቢ ነው። ግን ውሾቹ በጾም ቀን ከመኪናው ሰዓት በፊት ይሄዳሉ። መኪናው መቅረቱን አላዩም፤ ሌላ ነገር መቅረቱን አይተዋል። የሥጋ ሽታም አይሆንም፤ በሩ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ ነው ያለው።

ቦቃን ለብቻዋ ስከታተል የነበረበትን የሐሙሱን ገጽ እንዳለ ልገልብጠው።

12፡20። ተኝታለች። አገጯ የፊት እግሯ ላይ ነው።
12፡24። ከጎን በር በኩል የመቀርቀሪያ ድምፅ። የግራ ጆሮዋ ብቻ ወደዚያ ዞረ። ራሷ አልተንቀሳቀሰም።
12፡25። ልጁ ወጣ። ቀና አለች። ሁለቱም ጆሮ ተቀሰረ።
12፡25። ልጁ ወደ ውስጥ ተመልሶ ቢጫውን ጀሪካን ይዞ ወጣ። ቆመች። አፍንጫዋን ላሰች። ጭራዋ ከጀርባዋ በታች፣ ቀስ እያለ ይወዛወዛል።
12፡26። ልጁ ደጁን ውኃ ረጨ። አምስቱም ቆመዋል።

ልጁ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሠራተኛ ነው። ሥጋ በሚመጣበት ቀን ደጁን ያጥባል። በጾም ቀን አያጥብም፤ እስከ 2 ሰዓት ይተኛል። ዛሬ ግን ዓርብ ሆኖ 12፡22 ላይ ወጣ። ነጠላ ለብሶ ነበር፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቀርቀሪያው ያው ድምፅ አሰማ፤ ልጁም ያው ልጅ ነው። ውሾቹ ቀና ብለው አዩት፣ መልሰው ተኙ። አንድም አልቆመም። ደብተሬን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። መቀርቀሪያው ብቻውን አይደለም፤ ልጁም ብቻውን አይደለም። ጀሪካኑ ነው?

ቅዳሜ ጥቅምት 22

ዛሬ ወደ ታች ወርጄ የቡናዋ ልጅ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ከፎቅ ላይ ያልገመትኩት ነገር ገጠመኝ። ውሾቹ ለሩብ ሰዓት ያህል አዩኝና ተዉኝ። ያልተዉኝ ሰዎቹ ናቸው።

ደብተር ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው በኛ ሰፈር ጥሩ ዜና ይዞ አይመጣም። ቲማቲም በፕላስቲክ ዘርግታ የምትሸጠው ሴትዮ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ዕቃዋን ሰበሰበች። አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ሊያፈርሱት ነው እንዴ?" አሉኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ ውሾቹን በመርዝ ሊጨርሱ የመጡ መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቤ ተነካ። እኔ ስመለከታቸው የነበሩት ሰዎች በእኔ ምክንያት ሌላ ሰው ሆኑ።

ደብተሩን ገልጬ ለሁሉም አሳየሁ። "12፡25፣ ዳማ ቆመ፣ ጆሮ ቀስሯል" የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትነግረኝ ጀመር፤ "ቡላ አዛጋ፣ ጻፊው!" ቲማቲም ሻጯን ግን ይቅርታ የጠየቅኋት ለብቻዋ ነው። የግማሽ ቀን ገበያዋን አስቀርቼባታለሁ።

ረቡዕ ጥቅምት 26

ልጁን ለመንኩት። እሺ አለ። ጾም ነው፤ ሥጋ የለም። ልክ 12፡25 ላይ በጎን በር ወጣ፣ ጀሪካኑን አመጣ፣ ደጁን አጠበ። አራቱ ውሾች ተነሱ። አልሄዱም። 12፡35 አለፈ፣ 12፡50 አለፈ፣ መኪና የለም። የመጨረሻዋ ቦቃ 1፡08 ላይ ሄደች።

ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ከዚያ ሁለት ስህተት አየሁ። አንደኛ፣ ልጁ ነጩን ጋዋኑን ለብሶ ነው የወጣው፤ ጀሪካኑ ይሁን ጋዋኑ አልለየሁም። ሁለተኛው ይብሳል። ልጁ ውኃውን እየረጨ ዓይኑ ውሾቹ ላይ ነበር፤ ይመጡ ይሆን እያለ። እኔም ከበረንዳ አንገቴን አስግጌ ነበር።

የበርሊኑ ፈረስ ትዝ አለኝ። ሃንስ ይባላል። ባለቤቱ ሒሳብ አስተምሬዋለሁ ይል ነበር፤ ፈረሱም መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። በ1904 እ.ኤ.አ. የመረመረው ኮሚቴ ምንም ማጭበርበር አላገኘም። ምስጢሩን በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጠው ኦስካር ፑንግስት የተባለ ተመራማሪ ነው። ጠያቂው መልሱን ካላወቀ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ፣ ሃንስ ይሳሳታል። ፈረሱ የሚያነበው የሰውን ጭንቅላት ነበር፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በትንሹ ያነሳል። ፑንግስት ይህን ካወቀ በኋላም የራሱን ምልክት ማቆም ከብዶታል። ሃንስ ሒሳብ አያውቅም፤ ሰውን ማንበብ ግን ያውቃል። እኔ ለዚያ ፈረስ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ዓርብ ጥቅምት 28

ደገምነው። ያለ ጋዋን፣ በተራ ሹራብ። ልጁን "ውሾቹን እንዳታይ፤ ዓይንህ መሬት ላይ ይሁን" አልኩት። እኔም ከመጋረጃ ኋላ ሆንኩ። ሦስት ውሾች ነበሩ፤ ሦስቱም ጀሪካኑን ሲያዩ ቆሙ፣ እስከ 12፡55 ቆዩ።

ሲጨርስ ልጁ ወደ በረንዳዬ ቀና ብሎ፣ "ቲቸር፣ አታለልናቸው እኮ" አለኝ። ፊቱ ከፍቶት ነበር። በማግስቱ ከመጀመሪያው አጥንት ለየብቻ ሰጣቸው። እኔም ከዚህ በላይ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደምሞክር ለራሴ ቃል ገባሁ።

እሑድ ጥቅምት 30

ዛሬ ስለ ቦቃና ስለ ጋሼ ነው የምጽፈው። "እብዷ ናት፤ ሰው ሳትለይ ትጮኻለች፣ አንድ ቀን ትነክሳለች" ይላሉ ጋሼ። ከጠዋቱ 1፡30 በኋላ ቦቃ የምትተኛው ከግቢው በር አጠገብ ነው። እዚያ ስድስት ጠዋት፣ በቀን አንድ ሰዓት ቆጠርኩ። 187 ሰው በአጠገቧ አለፈ። የጮኸችው በ17ቱ ላይ ነው። ከ17ቱ 13ቱ እጃቸው ላይ ረዥም ነገር ነበር፤ ጃንጥላ፣ መጥረጊያ፣ ዱላ፣ አንዱ የውኃ ቧንቧ። ረዥም ነገር ይዘው ያለፉት በጠቅላላ 16 ናቸው። ረዥም ነገር ካልያዙት 171 ሰዎች የተጮኸባቸው አራቱ ብቻ ናቸው። ቦቃ ሰው ትለያለች። የምትለየው በእጁ ነው።

ከ13ቱ ስድስቱ ደግሞ አንድ ሰው ናቸው። ጋሼ። በየቀኑ።

ቅደም ተከተሉን አንድ ጠዋት በደንብ ያዝኩት። ጋሼ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ዱላውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ቦቃ ቀና አለች። አምስት እርምጃ ሲቀር ዱላው ከመሬት ተነሳ። ቆመች፤ ጭራዋ እግሮቿ መሃል ገባ፣ የጀርባዋ ጸጉር ተነሳ። ዱላው ወደ ትከሻ ከፍ አለ። ጮኸች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይኸው! አላልኩሽም?" አሉኝ።

ጭራዋ እግሯ መሃል መግባቱን ያየሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ያዩት ጥርሷን ነው። እሷ ያየችው ዱላውን ነው።

ደብተሩን ላሳያቸው ፈለግሁ፤ ግን መጀመሪያ ቡና አዘዝኩና ጠየቅኋቸው። ጋሼ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ከብት ሲጠብቁ ያበደ ውሻ ነከሳቸው። "ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነው። 14 ቀን። አባቴ እጄን ይይዘኛል፣ እኔ እጮኻለሁ።" ሸሚዛቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉት፤ መርፌው አሁንም ያለ ይመስል። እኔ ደብተሬ ላይ "ጋሼ ውሻ ይጠላሉ" ብዬ ጽፌ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት። ውሾቹን በግምት እንዳልጽፍ ገጽ ቀድጄ፣ ሰውየውን ግን በግምት ጽፌያቸው ነበር። ያንንም ሰረዝኩት።

ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ አያድንም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ይህን ለጠረጴዛው ሁሉ ነገርኩ። መርፌው ዛሬ ሆድ ላይ እንደማይሰጥ ስነግራቸው ጋሼ ሁለቴ ደጋግመው ጠየቁኝ።

ረቡዕ ኅዳር 3

ጀሪካኑን ዛሬ እኔ ይዤ ወጣሁ። ውሾቹ ቆሙ። ግን ወደ እኔ አላዩም። በእኔ ጎን አልፈው የጎን በሩን አዩ። ልጁ አልወጣም። 12፡38 ላይ ሄዱ። ልጁ ያለ ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ያለ ልጁ አልሠራም። ሁለቱ አብረው መሆን አለባቸው። ሁለተኛውን ሙከራ ተውኩት፤ የምፈልገውን አግኝቻለሁ።

ዓርብ ኅዳር 12

የዛሬው መረጃ ከቆጠራ ይወጣል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ከንጋት ጀምሮ አጨሰው፤ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሕዝብ እያሰበ። ከበረንዳዬ ሥጋ ቤቱም አልታየኝም። የሳል ድምፅ ብቻ። ውሾቹ እስከ ማታ አልተመለሱም።

ሰኞ ኅዳር 15

ትናንት ቅበላ ነበር። ሥጋ ቤቱ እስከ ማታ ሲጨናነቅ ዋለ፤ አጥንት እንደ ጉድ ነው። ዛሬ ጾመ ነቢያት ገባ። ሱቁ እስከ ገና ተዘጋ፤ ልጁም ጠዋት ሻንጣውን ይዞ አገር ቤት ሄደ። ስለዚህ አሁን ምልክቱ ሙሉ በሙሉ የለም። ስንት ቀን ይመጣሉ?

ዛሬ አምስቱም መጡ። 12፡40 ላይ ሄዱ።

ረቡዕ ኅዳር 24

በአሥር ቀን የሆነው ይህ ነው። ሦስት ቀን አምስቱም መጡ። አራተኛውና አምስተኛው ቀን አራት። ከዚያ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። ትናንት ሁለት። ዛሬ አንድ፤ ቦቃ። የሚቆዩበትም ጊዜ እያጠረ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት፣ አሁን አምስት ደቂቃ አይሞላም። ልምድ እንዲህ ቀስ እያለ ሲጠፋ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ በጠመኔ ስዬው አውቃለሁ፤ ያው ቁልቁል የሚወርደው መስመር። እዚህ ግን መስመሩ እግር አለው።

የት ሄዱ? ጥቁሩን ተከተልኩት። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ ሽሮ ቤት አለ። በጓሮው በር የተረፈ እንጀራ ይደፋል። አራቱም እዚያ ናቸው። ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ይበላሉ። ለቡናዋ ልጅ ይህን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ "እና እኮ ይጾማሉ!" አለች። የሚበሉት የጾም ምግብ በመሆኑስ ልክ ናት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 4

ቦቃ ዛሬም መጣች። ብቻዋን፣ 12፡20 ላይ። ከተዘጋው የጎን በር ፊት ቆመች፤ ጆሮዋ ወደ መቀርቀሪያው ነው። አራት ደቂቃ። ሄደች። ሌሎቹ ሲያቆሙ እሷ ለምን እንደምትመጣ የምለው የለኝም፤ የምጽፈው መምጣቷን ነው።

ጋሼ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በሩን ሲያልፉ ዱላውን ጥበቃ ቤቱ ላይ አስደግፈው ነው። እኔ አላልኳቸውም። በስድስት ጠዋት አንዴ ጮኸችባቸው፤ ጃንጥላ ይዘው በነበረበት ቀን። ዛሬ ሲያልፉ ራሷን አላነሳችም። እሳቸው ግን ካለፉ በኋላ ቆመው ዞረው አዩዋት።

ገና ሲደርስ ልጁ ይመለሳል። ስንት ቀን ወስዶባቸው እንደሚመለሱ እቆጥራለሁ። ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ይውላል። ከዚያ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሥጋ ቤቱ ይከፈታል፣ ልጁ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ውሾቹ ቀኑን የሚቆጥሩ ከሆነ ረቡዕ 12፡35 ላይ ይሄዳሉ። ልጁን የሚያነቡ ከሆነ ይቆያሉ። ረቡዕ ሚያዝያ 7 ጠዋት 12፡00 ላይ በረንዳው ላይ ነኝ፤ ተማሪዬንም ጠርቼዋለሁ።